ሲ ድራይቭ ሲሞላ

ዛሬ በእህቴ ላፕቶፕ ላይ ሲ ድራይቩ (ዊንዶውስ የተጫነበት የማከማቻ ክፍል) ሊሞላ ጥቂት ስለቀረው ዊንዶውስ ማሻሻያውን መጫን አቅቶት ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው ፎቶዎቹን ወደ ማጥፋት ይሮጣል፤ እኔ ግን በቅድሚያ የሲስተሙን ትርፍራፊ መፈተሽ ይሻላል ባይ ነኝ። ላፕቶፑ በቅርቡ ወደ ዊንዶውስ 11 የተሻገረ በመሆኑ፣ ወደ ቀድሞው ዕትም ለመመለስ ተብሎ የሚቀመጠውና አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀናት በኋላ በራሱ የሚሰረዘው «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የተባለ ፎልደር ብቻውን ሰፊ ቦታ ይዞ ተገኘ፤ ዲስክ ክሊንአፕ በተባለው የዊንዶውስ ማጽጃ አስወገድኩት (እርግጥ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ መመለስ የለም)። ሃይበርኔትንም (የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋውን ስልት) እህቴ ስለማትጠቀምበት አጠፋሁት፤ የራሙን (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ይዘት ለማስቀመጥ የተያዘው፣ በጊጋባይት የሚቆጠር ስውር ፋይልም አብሮት ጠፋ። ዊንዶውስ የራሱን ክፍሎች የሚያስቀምጥበትን «ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ» የተባለውን ፎልደር ግን መጠኑ ቢያስደነግጥም አልነካሁትም፤ ከውስጡ ፋይሎችን በእጅ መሰረዝ ኮምፒውተሩ ጭራሽ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።