በሃይላንድ ጠርሙስ የመጣ ትል

ዛሬ ሐረር፣ ሸዋ በር ገበያ ድንች ልገዛ ጎንበስ ስል ከክምሩ ጎን አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ አየሁ። ውስጡ ውሃ የለም፤ የተበሳሳ የበቆሎ ቅጠልና በሕይወት ያለ ትል ነው።

«አዴ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው ሻጯን።

«ለግብርና ባለሙያው ላሳየው ወስጄው ነበር። ስብሰባ ገብቷል አሉኝ።»

ትሉም አብሯቸው ገበያ ወጣ ማለት ነው።

ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። የትሉ ግንባር ላይ «ለ» ፊደልን የመሰለች ፈዛዛ መስመር፣ ወደ ጅራቱ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች። መጤ ተምች! በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው፣ የበቆሎውን ለጋ ቅጠል መሃል ሰጋቱራ በመሰለ ኩስ የሚሞላው።

ለገበሬዎች የግብርና ምክር ወደሚሰጠው የስልክ መስመር፣ ወደ 8028 ደወልኩና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠጋሁላቸው። ነጻ ነው፣ በኦሮምኛም ይናገራል። ጥቂት አዳምጠው መለሱልኝ።

«ጥሩ ይናገራል። ጠርሙሱን ግን አያይም።»

ምን ልበል? የልማት ሠራተኛ ማሳ ገብቶ ቅጠል ገልጦ ካላየ ምክሩ ግማሽ ነው። ተምቹ ደግሞ ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ትንሽ ሳለ ካልተለቀመ መሃል ቅጠሉ ውስጥ ይሸሸግና መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም።

ነገ ተመልሰው ሊሄዱ ነው። የጠርሙሱን ክዳን፣ አየር እንዲገባለት፣ በመርፌ በስተውለታል።