ሰባት የበግ ልብ

ለዘንድሮው ቅበላ ከሰንጋ ተራ ወረድ ብሎ ካለ ሉካንዳ ሰባት የበግ ልብ ገዛሁ። ሻጩ ያውቀኛል። «እንዳትተለትለው፣ ከነሥሩ ስጠኝ» ስለው አሁን አሁን ለምን ብሎ አይጠይቅም። ጾም ከገባ ሉካንዳው ሃምሳ አምስት ቀን ስለሚዘጋ ቀድሜ መያዝ ነበረብኝ።

እናቴ ደስ አላላትም። «በሁዳዴ ፍሪዘር ውስጥ ሥጋ?» አለች። «እማዬ፣ የምበላው አይደለም፣ የምማርበት ነው» አልኳት። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ከታችኛው መሳቢያ ከተትኩት። ሁለተኛ አላነሳችውም።

የምሠለጥነው ለሕፃናት ልብ ቀዶ ሐኪምነት ነው። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ልቡ ላይ አንድ ችግር ይዞ ይወለዳል። ሰው «ልቡ ላይ ቀዳዳ አለበት» የሚለው ዓይነት ከሁሉም የተለመደው ነው። አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ተምረህ፣ ከዚያ የደረትና የልብ ቀዶ ሕክምና ተምረህ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሕፃናቱ የምትመጣው። ከአሥር ዓመት በላይ ተምሬ አሁንም ተማሪ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ አነጥፋለሁ። ልቡን በቀኝ በኩል እከፍተዋለሁ። ሁለቱን የታችኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ በስለት ትንሽ ቀዳዳ አወጣለሁ። ከተቀደደ ጃንጥላ ክብ ጨርቅ ቆርጬ ቀዳዳውን እጥፈዋለሁ። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ይህ ጨርቅ «ፓች» ይባላል። እዚያ አንዳንዴ የሚሠራው ከልጁ ከራሱ የልብ ሽፋን ከተቆረጠ ስስ ነገር ነው።

ከባዱ ጠርዙ ነው። ልብ እንዲመታ የሚያዘው መልእክት ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው በአንድ ቀጭን መስመር ነው። ዊልሄልም ሂስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ ጻፈበት በእሱ ስም ይጠራል። በአብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ልጆች መስመሩ የሚያልፈው በቀዳዳው የታችኛ ጠርዝ ሥር ነው። በዓይን አይታይም። ቀለሙ ከዙሪያው ሥጋ አይለይም። መርፌ ከጎዳው የላይኛውና የታችኛው ልብ መነጋገር ያቆማሉ። ስለዚህ እዚያ ጥግ ስንደርስ ከጠርዙ ራቅ እንላለን፣ በቀኝ በኩል፣ መርፌውን ሳናጠልቅ እንሰፋለን። የት እንዳለ ማየት ስለማይቻል እጅ ነው ማወቅ ያለበት።

ይህን የምጽፈው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው።

አምስት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ነው። አራት አምስት ደረጃ ወጣና ቁጢጥ አለ። ከንፈሩ እንጆሪ የበላ ይመስላል። እናቱ ሳትደነግጥ ቆማ ጠበቀችው፣ ለምዳዋለች። ቁጢጥ ማለትን ማንም አላስተማረውም። ጉልበቱን ሲያጥፍ የእግሩ ደም ሥሮች ይጫናሉ፣ በዚህ ምክንያት ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ትንፋሹ ይመለሳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፋሎት እ.ኤ.አ. በ1888 የገለጸው በሽታ ነው። አራት ችግር በአንድ ልብ ውስጥ፣ አንዱ ያ ቀዳዳ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ተሠራ። ልቡ ቆሞ፣ ደሙ በፓምፕ እየዞረ፣ የሚያሠለጥነኝ ሐኪም፣ ሲኒየሬ፣ ከፊት ለፊቴ ቀና አለና «የታችኛውን ጥግ ሁለት ስፌት አንቺ ስፊ» አለኝ። ክሩ ከፀጉር አይወፍርም። በማጉያ መነጽር እያየሁ ሁለቱንም ሰፋሁ።

ደም ወደ ልቡ እንዳይገባ የያዘው መቆንጠጫ፣ ክላምፑ፣ ተነሳ። ልቡ ሞቀና መምታት ጀመረ። ሞኒተሩን አየሁ። ላይኛው ለብቻው ይሮጣል፣ ታችኛው ለብቻው ያዘግማል።

በጊዜያዊ ፔስሜከር፣ ልብን በኤሌክትሪክ በሚያስመታ መሣሪያ፣ ይዘን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ወደ አይሲዩ፣ ወሰድነው። «እብጠት ሊሆን ይችላል፣ እስከ አሥር ቀን እንጠብቃለን» አለ ሲኒየሬ። ካልተመለሰ ዕድሜ ልክ የሚኖር ፔስሜከር ይገባለታል። ባትሪው ባለቀ ቁጥር እንደገና ቀዶ ሕክምና ነው። ለአንድ የገበሬ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአብነት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። የማሽኑን ምት ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ፣ የራሱ ልብ ይነሳ እንደሆነ አያለሁ፣ መልሼ እጨምራለሁ። እናቱ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «ዶክተር፣ ዛሬስ በራሱ መታ?» ትለኛለች። ገና አልመታም እላታለሁ። በአራተኛው ቀን ምቱን ሳወርደው ላይኛው ሲጠራ ታችኛው አቤት አለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ወጥቼ ነገርኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ሲኒየሬ በኋላ ጠርቶ «ቦታው ልክ ነው፣ ክሩን ግን አጥብቀሽ ስበሻል» አለኝ። ይህን የሚነግርህ መጽሐፍ የለም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ ከንፈሯ የጠቆረ ሕፃን ሲሠራ፣ ሐሳቡን ያመጣችው የሕፃናት ሐኪሟ ሄለን ታውሲግ ነበረች። ከኋላው ቆሞ ስፌቱን የመራው ደግሞ የላቦራቶሪ ረዳቱ ቪቪየን ቶማስ ነው። ቶማስ የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም። ያንኑ ስፌት ላቦራቶሪ ውስጥ በውሾች ላይ ደጋግሞ ሠርቶት ነበር። ሥልጠና ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

እኛ ጋ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመሠርቱ ልጆቹ የሚላኩት ወደ ውጭ ነበር። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የውጭ ቡድኖች መጥተው ይሠራሉ፣ ይመለሳሉ። ውለታቸው ትልቅ ነው። እኔም ውጭ ሄጄ ስድስት ወር ቆይቻለሁ። የአገሩ ፈቃድ ስላልነበረኝ ግን ቆሜ አየሁ እንጂ አልሰፋሁም። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በ3ዲ ፕሪንተር የሚሠራ፣ እንደ ሥጋ የሚለጠጥ የሕፃን ልብ አምሳያ ላይ ቀዶ ሐኪሞች ይለማመዳሉ። ያ ነገር እዚህ ቢኖር የእናቴ ፍሪዘር ባዶ ይሆን ነበር።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሙያ እዚህ፣ በየሳምንቱ፣ ከቡድኑ ጋር ነው መማር ያለብን። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው፣ ሌሊቱን አይሲዩ የምታድረው ነርስ፣ ሁሉም አብረው ካልሠለጠኑ የእኔ እጅ ብቻውን ልጅ አያድንም። ዕቃም ያስፈልጋል። ፓምፑ ላይ ለደሙ ኦክሲጅን የሚሰጠው ኦክሲጅኔተር ለአንድ ልጅ አንድ ነው፣ ከዚያ ይጣላል።

ከዚያ ልጅ በኋላ ያንኑ ኦፕሬሽን ያገኘሁት ስምንት ሳምንት ቆይቼ ነው። መሃል ላይ ኦክሲጅኔተር አልቆ ነበር። በሁዳዴ እሑዶች ሰባቱንም ልብ ጨረስኩ፣ አንዱን ጥግ እየሰፋሁ፣ እየፈታሁ፣ እንደገና እየሰፋሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲኒየሬ ከፊት ለፊቴ ቀና አለና «የታችኛውን ጥግ» አለኝ። መርፌውን አሳለፍኩ። ክሩን በሁለት ጣቴ ያዝኩና ቀስ ብዬ ሳብኩት።