ደሴ ሲበርዳት የምንበላው

ክረምቱ ገብቷል። ጦሳ ተራራ ከጠዋት እስከ ማታ ጉም ለብሶ ነው ሚውለው፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ከሰሉ ራሱ እርጥበት ይዞት ይመጣና እስኪያያዝ ቤቱ በጭስ ይታፈናል። እኔ ደሞ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ጠዋት በሚኒባስ የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ማታ ያንኑ ዳገት ወጥቼ ቤት ስደርስ መሽቷል፣ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ እናቴም ቀኑን ሙሉ ከነሱ ጋ ውላ ደክሟታል፣ በዛ ሰአት ሽንኩርት ልጬ ከሰል አያይዤ ወጥ ልሥራ ብል ልጆቹ ሳይበሉ ነው ሚተኙት። ስለዚ ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ይሄን ብርድ በምን እያለፍነው እንደሆነ ነው። ሥጋ በየቀኑ መግዛት አይታሰብም፣ ቅቤውም እንደዛው፣ ግን ጥራጥሬና አጥንት ረጅም ሰአት በትንሽ እሳት ሲንተከተክ የሚያወጣውን ጣዕም ስንት ቅመም ቢደራረብበት አይገኝም፣ ይሄን ከልቤ ነው ምለው።

ዕቃውን እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ነው ይዛልን የመጣችው፣ ስሎው ኩከር ይሉታል። ላላያችሁት፣ ውስጡ ወፍራም የሸክላ ድስት ነው፣ ዙሪያውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አቅፎታል፣ ክዳኑ መስታወት ነው፣ ማዞሪያው ላይ ያለው ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና ሙቀት ማቆያ ብቻ ነው። ጠዋት ጥጄው እወጣለሁ ማታ ስመጣ በስሎ ይጠብቀኛል፣ በቃ ይሄው ነው። ከአሜሪካ ሚላክላችሁ ሰዎች ግን አደራ፣ የነሱ በ120 ቮልት ነው ሚሠራው የኛ 220 ነው፣ ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል፣ መጀመሪያ ከስሩ የተለጠፈውን አንብቡ።

የመብራቱን ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የኔው ላይ 250 ዋት ይላል፣ ስምንት ሰአት ሙሉ ቢሠራ 2 ኪሎዋት ሰአት ነው። ባለ 2000 ዋት ስቶቭ ይሄንኑ በአንድ ሰአት ይበላዋል። ሽንብራ ደሞ ደሴ ላይ በአንድ ሰአት አይበስልም፣ ስለዚ ከስቶቭ ይሻላል ግን ቆጣሪው ላይ ተአምር ያመጣል ብዬ አላጋንንም፣ ለኔ ትልቁ ትርፍ ከሰሉ ነው፣ ከዛ ደሞ የማታው ጊዜዬ።

ጥራጥሬ እኛ ጋ ለምን ያስቸግራል ላላችሁ፣ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች ኮምቦልቻ ወደ 1850 ናት፣ ከፍ በተባለ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንስና ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ዲግሪ ይወርዳል፣ ስለዚ በባህር ጠለል ላይ በ100 ሚፈላው ውሃ ደሴ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል ኮምቦልቻ ደሞ 94 አካባቢ። አብራኝ ምትሠራ የኮምቦልቻ ልጅ የኔ ባቄላ እኮ ከምሳ በፊት ይደርሳል ስትለኝ የዘሩ ልዩነት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ከፍታው ነው። እሳት በመጨመር ደሞ አይፈታም፣ የፈላ ውሃ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዛ አይዘልም። ሚያዋጣው ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። ስሎው ኩከሩም ቢሆን ከፍተኛው ላይ ስታደርጉት ቶሎ ይደርሳል እንጂ ከመፍያው አያልፍም።

እናቴ ዕቃውን ስታየው ብዙም አልደነቃትም። እሷ ባደገችበት ቤት ማታ እሳቱ ሲያልቅ ረመጡ ይሰበሰባል፣ የሸክላው ድስት መሀሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ አመድ ይለበሳል። አሁንም ከሰል ስንጠቀም ስታደርገው አያታለሁ፣ አመዱን በእጇ ነው ምትበትነው፣ መጀመሪያ በጎን በጎን ከዛ ከድስቱ አንገት ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀይ ፍም ካየች ተመልሳ ትሸፍነዋለች። «እሳት ካየ ቆዳው ይለያያል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ነው ሚቀረው ልጄ» ትላለች ስለ ሽንብራ። ልክ ናት፣ በኃይል ሲፈላ እርስ በርሱ እየተጋጨ ቆዳው ይላጣል።

ይሄን ዕቃ የሠራው ሰው ታሪክም ከዚሁ ጋ ይገናኛል። ቺካጎ ይኖር የነበረ ኢርቪንግ ናክሰን የሚባል አይሁዳዊ ነው፣ ፓተንቱን (የፈጠራ መብቱን) ያገኘው በፈረንጆቹ 1940 ነው፣ እናቱ ሊትዌኒያ እያለች ስለምታውቀው ቾለንት ስለሚባል የባቄላ ወጥ ነግራው ነው ሀሳቡ የመጣለት፣ ሰንበት ሲገባ እሳት ማንደድ ስለማይፈቀድ አርብ ሳይመሽ ድስቱን ወደ ዳቦ ቤት ይወስዱትና በቀረው የምድጃ ሙቀት ሲበስል ያድር ነበር። ኋላ ላይ በ1970 ሪቫል የሚባል ድርጅት ገዛውና በ1971 ክሮክ ፖት ብሎ አወጣው፣ ያኔ በብዛት የገዙት ሥራ ውለው ማታ ሚገቡ ሴቶች ናቸው። እኔን ነው ሚመስሉት።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ቤታችን በብዛት ሚሠራው ሽንብራ ነው። ከሰኞ ገበያ ነው ምገዛው፣ አሮጌ ሽንብራ ስንት ሰአት ቢጣድ አይለሰልስም ስለዚ ሻጯን የዘንድሮ ነው ወይ ብዬ ሳልጠይቅ አልገዛም። ሁለት ኩባያ ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ ጠዋት ውሃውን ደፍቼ አጥበውና ስቶቭ ላይ አስር ደቂቃ ያህል አፈላዋለሁ ከዛ ወደ ድስቱ፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ የተከተፈ፣ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ እርድ፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ ውሃው ከሽንብራው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል፣ ዝቅተኛው ላይ አድርጌ እወጣለሁ። ቲማቲም ጠዋት አልጨምርም፣ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ቶሎ አያለሰልስም፣ ቲማቲም ካለ ማታ ስገባ ለመጨረሻው ግማሽ ሰአት ነው ሚገባው። መድረሱን ማውቀው አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ አድርጌ በምላሴና በላንቃዬ መሀል ስጫነው ነው፣ ጥርስ ሳይነካው ከፈረሰ ደርሷል፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ዱቄት ዱቄት ካለ ገና ነው። ከዛ አንድ ጭልፋ ሙሉ አውጥቼ ጨፍልቄ መልሼ እጨምረዋለሁ፣ መረቁ በዛች ብቻ ይወፍራል፣ ሽሮ ምናምን አያስፈልገውም። ቃሪያ ከላይ፣ በእንጀራ ወይ በዳቦ። ልጆቹ በማንኪያ ነው ሚበሉት።

አጥንት ደሞ ሌላ ነው። ሥጋ ቤት ገብቼ ንጹህ ሥጋ ከመግዛት ቅልጥምና የመገጣጠሚያ አጥንት ነው ምጠይቀው፣ በዋጋ አይገናኝም፣ ረጅም ሰአት ለሚበስል ነገር ደሞ የተሻለው እሱ ነው። ጅማቱና ነጩ ነገር ውስጥ ያለው ኮላጅን ከ70 ዲግሪ በላይ ብዙ ሰአት ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፣ መረቁን ከንፈር ላይ ሚያጣብቀው እሱ ነው፣ ንጹህ ሥጋ ግን እንደዛ ቢቆይ ይደርቃል። አጥንቱን አንዴ አፍልቼ የመጀመሪያውን አረፋ እደፋዋለሁ፣ ከዛ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የተከካ አጃ አንድ እፍኝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ አለቀ። ረመዳን ላይ ምንሠራው ሾርባ ይሄው ነው፣ ቀን ላይ ሲንተከተክ ይውላል መግሪብ ሲል ማንም ሳይንጫጫ ይቀዳል። የተረፈውን ፍሪጅ አስገብቼ ጠዋት ሳወጣው ረግቶ ማንኪያ ያቆማል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይቀልጣል፣ ሁለተኛው ቀን ላይ እንደውም ይጣፍጣል።

አተር ክክ አልጫ ብዙ ሚባልለት የለም፣ ክክ፣ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ዘይት፣ ብቻ ውሃውን ቀነስ አድርጉ፣ ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚመልሰው ድስት ላይ እንደለመድነው አይጎልም። ድንችና ካሮት በጥቅል ጎመን ስሠራ ድንቹና ካሮቱ ከስር፣ ጎመኑ ከላይ፣ ሥራ ሥር ነገር ከሥጋም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ድስቱን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው መሙላት ነው፣ ከዛ ደሞ ክዳኑን አለመንካት፣ ልጆቼ ይሄን ለመልመድ ጊዜ ወስዶባቸዋል፣ በተከፈተ ቁጥር የተጠራቀመው ሙቀት ይወጣና እንደገና እስኪሞቅ ይቆያል።

ቀይ ቦሎቄን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ነው ምናገረው። ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ነገር አለ፣ በደንብ ካልፈላ ክፉኛ ያስመልሳል ያስቀምጣል፣ ስሎው ኩከር ደሞ ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ያን ለማጥፋት ሙቀቱ ላይበቃ ይችላል። ስለዚ ቦሎቄ ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በሌላ ድስት በደንብ እየፈላ ግማሽ ሰአት አቆዩት፣ ደሴ ላይ ውሃችን በ92 ስለሚፈላ ከዛ አትቀንሱ፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ ስሎው ኩከር ሚገባው። ልጅ ላለበት ቤት ይሄ አይታለፍም።

ዶሮ ወጥ በዚህ አልሠራም። ቁሌት ደረቅ እሳት ይፈልጋል፣ ሽንኩርቱ መቁላላት አለበት በርበሬውም ዘይት ውስጥ መብሰል አለበት፣ ውሃ ያለበት ድስት እዛ ሙቀት ላይ አይደርስም፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል። ቁሌቱን ለብቻ ሠርቶ መጨመር ይቻላል ግን ያኔ ዕቃው ምን ጠቀመ፣ ዶሮ ወጥ ለበዓል በወጉ ይሠራ ነው ምለው።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል። እናቴ ቤት ስላለች መቼ እንደጠፋ ታውቃለች፣ ወዲያው ወደ ብረት ድስት ገልብጣ ከሰል ላይ ትጨርሰዋለች፣ የስሎው ኩከሩን የሸክላ ድስት በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አይቻልም ይሰነጠቃል። ቤት ሰው ከሌለና ስትመጡ ሰአቱን ካላወቃችሁ ግን ይቅር፣ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ሆኖ ከሁለት ሰአት በላይ ከቆየ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ በተለይ ሥጋ ያለበት፣ መልሶ ማሞቁም ሁሌ አያድነውም። እኔ ብክነት አልወድም ግን እዚህ ላይ አላመነታም።

ማሽኑ የሌላችሁ ደሞ ምንም አልቀረባችሁም። ክክ ወይ ምስር ክዳኑ ግጥም በሚል ወፍራም ድስት በደንብ ሩብ ሰአት አፍሉትና ከእሳት አውርዳችሁ ሳትከፍቱት በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት፣ በገባበት ሙቀት ራሱን ያበስላል፣ ከመብላታችሁ በፊት እንደገና አንዴ ማፍላት ነው። ድስቱ ሙሉ ሲሆን ነው ሙቀት ሚይዘው፣ ትንሽ ምግብ በትልቅ ድስት ከሆነ ቶሎ ይበርዳል። ለሽንብራና ለአጥንት ግን አይበቃም፣ እነሱ ቀጣይ እሳት ይፈልጋሉ።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ግቢያችን ውስጥ ያሉት እትዬ ይጾማሉ፣ እኛና እሳቸው በሥጋው ባንገናኝም በጥራጥሬው ሁሌም አንድ ገበታ ነን፣ ወሎ ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ስሎው ኩከሩን አጥንት ስለምቀቅልበት ለጾም አልሰጣቸውም፣ የሳቸውን በእናቴ የሸክላ ድስት ነው ምንሠራው ብለን ተስማምተናል፣ እሷም ረመጡን እኔ እይዛለሁ ብላለች። ሽሮ ሰልችቷቸዋል አሉ፣ ስለዚ በባቄላ እንጀምራለን።