ከዓባይ በረሃ ወዲያ፣ ደጀን ላይ

ኅዳር ሲጋመስ የዓባይን በረሃ ተሻግረን ደጀንን እንዳለፍን የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰና እስኪቀየር ድረስ መንገድ ዳር ወረድን። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። አብረውኝ የተሳፈሩት የብቸና ሰው፣ ጣሊያን አገር ካዜርታ አካባቢ ለብዙ ዓመታት በእርሻ ሥራ ኖረው የተመለሱ፣ ከጥቁሩ አፈር ዘግነው አሸተቱ።

«ጋሼ፣ ምን ምን ይላል?» አልኳቸው።

«አፈር አፈር። እዚያ ይኼም ብርቅ ነበር።»

ከዚያ ያወጉኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰሜን ጣሊያን ፋብሪካዎች አደገኛ ዝቃጫቸውን በሕጉ መሠረት ለማስወገድ ብዙ ገንዘብ ይጠየቁ ስለነበር፣ ካሞራ የተባለው የኔፕልስና የካዜርታ ማፍያ በደላሎች በኩል በጣም ባነሰ ዋጋ እየተረከበ በከባድ መኪና ወደ ደቡብ ያግዘው፣ ሰነዱ ላይ ተራ ቆሻሻ ወይም ማዳበሪያ አስመስሎ ያስጽፈውና በሌሊት በእርሻ ሥር ወይም በተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ይቀብረው ነበር። ከላይ የሚጣለው ደግሞ ከአሮጌ ጎማ ጋር ይቃጠላል፤ አካባቢው «የእሳት ምድር» የተባለውም በዚሁ ነው። ወንጀሉ ከአካፋው ይልቅ በብዕር የሚሠራ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት።

የቡድኑ ሰው የነበረው ካርሚኔ ስኪያቮኔ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፓርላማ ኮሚቴ ሁሉንም ተናዞ ነበር፤ ቃሉ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ግን በ2013 ነው። እኔን ከመርዙ በላይ ያስደነገጠኝ የ16 ዓመቱ ዝምታ ነው። ኋላ እንዳነበብሁት፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ጣሊያን 2.9 ሚሊዮን ያህል ሰው በሚኖርበት በዚያ አካባቢ የነዋሪዎቹን ሕይወት አልጠበቀችም ብሎ የፈረደው በ2025 ነው። ከጣሊያን የተላከ መርዛማ ቆሻሻ በ1988 ናይጄሪያ ውስጥ ኮኮ በተባለች የወደብ ከተማ ተራግፎ ተገኝቷል፤ አፍሪካውያን አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ የሚከለክለውን የባማኮን ስምምነት የፈረሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1991 ነው።

ወሬያችን ሳያልቅ ከፊታችን የቆመ ገልባጭ መኪና ረዳት የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ወደ ቦዩ ሲለቅ አየነው። ዘይቱ ሣሩን እያጠቆረ ጥጃዎች ውኃ ወደሚጠጡበት ኩሬ አቅጣጫ ይወርዳል። ጋሼ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሄዱ።

«ልጄ፣ በዚህ ላይ አድርገው።»

«ዘይት እኮ ነው፣ አባባ» አለ ልጁ፤ ቢሆንም ጀሪካኑን ከሥር ደገነ። ሊሞላ ሲል አንድ ገበሬ ከማሳው መጣና፣ የማትፈልጉት ከሆነ ለአጥሬ እንጨት ስጡኝ፣ ምስጥ አላስቀምጥ ብሎኛል አለ። ጋሼ ጀሪካኑን አንዴ፣ አፈሩን አንዴ አዩና ሰጡት።

ጎማው ተቀይሮ ነበር፤ ሉማሜ እስክንደርስ አልተነጋገርንም።