ደረቁ ጨው አላበራም፣ የተጣራው ውሃም አላበራም

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወርጄ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ዋልኩ። ልጇ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል አይደል?» አለችኝ። ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። «በእርጥብ እጅ ማብሪያ እንዳትነኩ» እየተባልን ስላደግን ብዙዎቻችን ውሃው ራሱ ያስተላልፋል ብለን ነው የምናምነው።

«ነይ እንሞክረው» አልኳት። አራት የባትሪ ድንጋይ አያያዝን፣ ከተበላሸ አሻንጉሊት የወጣች ኤልኢዲ የምትባል ትንሽ ቀይ መብራት ጨመርን፣ ሁለት እርሳስ በሁለቱም ጫፍ ቀርጸን ሽቦው ላይ አሰርን። ውሃው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው፣ ማዕድኑ የወጣለት የተጣራው ነው። እርሳሶቹን ስንነክራቸው መብራቷ ዝም። ስኳር ጨምረን አማሰልን፣ አሁንም ዝም። ሰሃን ላይ የፈሰሰ ደረቅ ጨው ውስጥ ሰካናቸው፣ እዚያም ምንም የለም። ከዚያ ሌላ ብርጭቆ የተጣራ ውሃ ቀድተን ቆንጠር አድርገን ጨው ስንነሰንስበት ቦግ አለች! በአንዱ እርሳስ ጫፍ ጥቃቅን አረፋ ተንጠለጠለ፤ ሃይድሮጅን ነው። ከሌላው በኩል ትንሽ ቆይቶ በረኪና በረኪና የሚል ሽታ መጣ። እሱ ክሎሪን ነው፣ መስኮት ከፈትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨው ውስጥ ያሉት ሶዲየምና ክሎራይድ ድሮውንም አዮኖች ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ናቸው፤ ግን ደረቅ እያለ ተቆላልፈው ስለቆሙ መንቀሳቀስ አይችሉም። ውሃ ይፈታቸዋል። ከዚያ ሶዲየሙ ወደ ኔጌቲቩ እርሳስ፣ ክሎራይዱ ወደ ፖዘቲቩ ይጓዛል። ሽቦው ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሮን ነው፣ ውሃው ውስጥ ግን አዮን ነው፤ ይቺን ብዙ ተማሪ ይስታታል። ስኳርም ይሟሟል፣ ግን ሞለኪውሉ እንዳለ ነው የሚሟሟው፣ ቻርጅ የለውም።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 እ.ኤ.አ. ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ አዮን ይለያያል ብሎ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያቀርብ ፈታኞቹ ዝቅተኛ ማዕረግ ነበር የሰጡት። በ1903 በዚሁ ሐሳብ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

በመጨረሻ የቧንቧ ውሃ ቀዳን፣ ምንም ሳንጨምርበት። መብራቷ ደብዘዝ ብላ በራች። ከድንጋይና ከአፈር የሟሟ የካልሲየምና የማግኒዥየም አዮን አለበታ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እኮ ከነሱ ነው የሚመጣው።

ልጅቷ መዳፏን አየት አደረገች። የኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ አልቧታል። «ላብም ጨው አለው እኮ» አለች።

አዎ። ይሄን ሙከራ በባትሪ ድንጋይ ብቻ እንጂ ከሶኬት በፍጹም እንዳትሞክሪው ያልኳትም ለዚሁ ነው።