ከመጋላ ከዚራ በዊልቸር

ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበት ቅዳሜ ነበር። የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ውስጥ ነው። ፕሮግራም አስተባብራለሁ። ከዚራ ሰፈር ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ አስፈቅደን፣ የመጫወቻ ዊልቸሮች ተውሰን፣ አሠልጣኝ ጋብዘን የቅርጫት ኳስ ልምምድ ልንጀምር ነው። 14 ወጣቶች ተመዝግበዋል።

የሜዳው በር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሲሚንቶ ደፍ ነበር። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ የራምፕ፣ ማለትም የዊልቸር መውጫ ተዳፋት፣ ስሌት ይኸው ነው። ስለዚህ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ራምፕ አሠራሁ። ሜትር ይዤ የለካሁት እኔው ነኝ። ሰዓቱንም አስቤበት 10 ሰዓት አደረግነው። ድሬ ቀትር ላይ የዊልቸር መግፊያ ብረት በእጅ አይያዝም።

10 ሰዓት ሆነ። ሁለት ልጆች መጡ። አንዱ ቤቱ ከሜዳው ጀርባ ነው። ሌላውን ወንድሙ እየገፋ አመጣው። 11 ሰዓት ድረስ ጠበቅን፤ ሌላ የመጣ የለም።

እዚያው ቆሜ መደወል ጀመርኩ። ሁሉም የሚሉኝ ያው ነው፤ ባጃጅ አጣሁ። መጋላ በኩል የምትኖር አንዲት የ19 ዓመት ልጅ እንዲህ አለችኝ፦ «ስድስት ባጃጅ አለፈኝ፣ እትዬ። ሰባተኛው ቆመና ዊልቸሩን ሲያይ ‹ይሄን የት ላድርገው? የሦስት ሰው ከፈልሽ ልውሰድሽ› አለኝ። ያን ያህል አልያዝኩም። ተመለስኩ።»

ሰኞ ሪፖርት ጻፍኩ። «ተሳታፊዎች በተለያዩ ምክንያቶች አልተገኙም» ብዬ። አለቃዬ ራሷ በክራንች የምትሄድ ሴት ናት። ወረቀቱን አነበበችና መለሰችልኝ። «የተለያየው ምክንያት ምንድን ነው? እዚህ ላይ ጻፊው» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ሳትጽፊ በፊት ደግሞ ከልጅቷ ጋር አንድ ቀን አብረሽ ሂጂ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት መጋላ ሄድኩ።

ከመጋላ ወደ ከዚራ እኔ ስመላለስ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው ላይ አቋርጣለሁ። ውሃ በሌለበት ወቅት ብዙ ሰው የሚሄደው እንደዚያ ነው። ከእሷ ጋር ስሞክረው የዊልቸሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች ገና ሁለት እርምጃ ሳንሄድ አሸዋው ውስጥ ገቡ። ወደ ኋላ ጎትቼ ለማውጣት ላብ በላብ ሆንኩ። ደቻቱ ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታወሰን የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍና ያጣናቸው ሰዎች ናቸው። ለእሷ ግን ደረቁም ደቻቱ አጥር ነው። ድልድዩን ዞራ መሄድ አለባት፤ ለዚያ ደግሞ ባጃጅ ያስፈልጋታል።

መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን እያወጣን ዘጠኝ ባጃጅ አለፈን። አንዳንዱ ፍጥነት ቀንሶ ዊልቸሩን ሲያይ ነዳው። ጎኗ ቆሜ ማየቱ ከበደኝ። እሷ ለምዳዋለች፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ከበደኝ።

በንዴት ወደ ባጃጅ ተራው ገፋኋት። ልናገራቸው ነበር። በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ሹፌር ተነስተው ሰላም አሉንና እስክጨርስ ሰሙኝ። «አቦ ልጄ፣ ጠልተናቸው አይደለም» አሉ። «ወንበሩን ማጠፍ አናውቅም። ብንሰብረውስ? ከየት አምጥተን እንከፍላለን?»

ልጅቷ ቀድማኝ መለሰች። «ላሳያችሁ፣ አባባ። መጀመሪያ ፍሬኑን ያዙ።» ሁለት ሹፌሮች ደግፈዋት ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠች። ከዚያ ከውስጥ ሆና ታዝዛቸው ጀመር። እግር ማሳረፊያውን ወደ ላይ፣ የመቀመጫውን ጨርቅ መሃል ለመሃል ይዞ ወደ ላይ መሳብ። ወንበሩ ታጠፈ፤ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ከባጃጁ ኋላ ከጎማ በተቆረጠ ገመድ አሰሩት። ሰዓት አይቼ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ሌሎቹም ተሰበሰቡ። አንዱ አጥፎ ፈታ፣ ሌላው ተቀበለው። አንድ ወጣት ሹፌር ልጅቷን ብድግ አድርጎ ሊያወርዳት ሲል አስቆመችው። «መጀመሪያ ጠይቀኝ። የት ጋ እንደምትይዘኝ እኔ እነግርሃለሁ።» ይቅርታ ጠየቃት።

ስለ ሰዓቱም ያን ቀን ተማርኩ። ሽማግሌው፣ «ከሰዓት ለምን አደረጋችሁት? ያኔ ብዙዎቻችን በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃምን ነን፤ ተራው ባዶ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አድርጉት፣ ፀሐዩም አይበረታም» አሉ። ሦስት ወር ሳቅድ አንድም ሹፌር አልጠየቅኩም ነበር።

ቢሮ ስመለስ ፋይሎቼን አወጣሁ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ውስጥ ትራንስፖርት አንቀጽ 9 ላይ ነው፤ ስፖርትና መዝናኛ አንቀጽ 30 ላይ። እኛም ቢሮ ሁለቱ የተለያየ ፋይል፣ የተለያየ ሠራተኛ፣ የተለያየ በጀት ነበራቸው። በስፖርቱ ማመልከቻ ላይ ስለ ትዕግስት ገዛኸኝ ጽፌያለሁ፤ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስላመጣችው። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት። አንዲት ልጅ ከመጋላ ከዚራ በምን እንደምትደርስ ግን አንድ መስመር የለበትም። አሁን ፋይሉ አንድ ሆኗል። የመጀመሪያው ገጽ የእያንዳንዱ ልጅ መንገድ ነው፦ ከቤቱ እስከ አስፋልት፣ ከአስፋልት እስከ ሜዳ፣ ማን ይጭነዋል፣ ስንት ይከፍላል።

ከሹፌሮቹ ጋር የተስማማነው በአንድ ሰው ሒሳብ ነው። ለወንበሩ አይጨመርም። ለከተማው መንገድ ክፍልም ተሳፋሪ መጫኛ ቦታዎች ላይ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ዝቅ እንዲል ጽፈናል። መልስ እየጠበቅን ነው፤ እየተመላለስኩ እጠይቃለሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኝ ልጆች መጡ። ያ ወጣት ሹፌር ልጅቷን አድርሶ ዊልቸሩን ራሱ ፈታው፤ «ፍሬን መጀመሪያ» እያለ። ከዚያ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ጨዋታውን ለማየት ቀረ።

ሁለት ልጆች አሁንም ባጃጅ አይጭናቸውም። በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው ያላቸው፤ አይታጠፍም። ከሳቢያን ሰፈር በጨለማ ተነስተው እየዘወሩ ነበር። ልጅቷ ኳሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አሠልጣኙን አየችው። «ይድረሱ፣ እንጠብቃቸው» አለች። ጠበቅናቸው።