የተገለበጠችው የሌሊት ወፍ

የጥንት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ቤት ካታሎግ ማዘጋጀት በጀመርኩ ሰሞን ነው። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1644 እስከ 1912) የተሸመነ አንድ የቻይና ሐር ቁራጭ እጄ ገባ። ሰማያዊ መደብ ላይ ደመና፣ የማላነባቸው ፊደላት፣ በዙሪያቸው ደግሞ ቀያይ የሌሊት ወፎች። ወፎቹ በሙሉ ጭንቅላታቸው ወደ ታች ነው። ፎቶ ያነሳው ልጅ የተሳሳተ መሰለኝና ማንንም ሳልጠይቅ ምስሉን ገለበጥኩት።

በዚህ አላበቃሁም። ጨርቁን ወደ መብራት ሳነሳው ቀለማቱ በሚገናኙበት ቦታ ቀጫጭን ክፍተቶች አየሁ። «ብዙ ቦታ የተቀደደ» ብዬ ጻፍኩ። ዋጋውን እንደሚያወርደው አውቃለሁ፤ ሐቀኛ መሆኔ ነበር እንግዲህ።

ህትመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ጨርቅ የሚጠግኑልን ሴትዮ ረቂቁን አዩት። ቻይንኛ ያነባሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ረጅም ዕድሜን በጭንቅላቱ አቆምከው እኮ!» አሉኝ። ፊደሉ «ሾው» ነው፣ ረጅም ዕድሜ ማለት።

ወፎቹስ? እነሱማ የቻይና ሰምና ወርቅ ናቸው። የሌሊት ወፍ «ፉ» ትባላለች፣ በረከትም «ፉ» ነው። ቀይ «ሆንግ» ነው፣ ታላቅ የሚለውም «ሆንግ»፤ ስለዚህ ቀይ የሌሊት ወፍ ታላቅ በረከት ሆነች። «ዳኦ» ደግሞ መገልበጥም መድረስም ነው። እንግዲህ ተዘቅዝቃ ስትታይ ወርቁ «በረከት ደረሰ» ነው፤ እኔ ቀጥ ሳደርጋት የደረሰውን በረከት መለስኩት ማለት ነው።

ቀዳዳዎቹም ቀዳዳ አልነበሩም። በዚህ አሠራር ሸማኔው የአንዱን ቀለም ማግ ከዳር እስከ ዳር አይወስደውም፣ ያ ቀለም በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ያመላልሰዋል። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ቀለማት ስለማይያያዙ በድሩ አቅጣጫ ክፍተት ይቀራል። ስሙም ከዚሁ መጣ፤ «ከሲ» ይሉታል፣ የተቆረጠ ሐር እንደማለት። ሥዕሉ ጥልፍ ሳይሆን ራሱ ሽመናው ነው። እኔ የሙያውን ምልክት ነው እንከን ብዬ የመዘገብኩት።

ሁለቱንም አስተካከልን። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ የሚልኩት እያንዳንዱ ጨርቅ ጫፍ ላይ ትንሽ ወረቀት ያስራሉ። በትልቁ «ላይ» ይላል።